ያልወሰኑ ሰዎች ጥግ

አባዬ ከሁለት ነገር ራቁ እያለ ነው ያሳደገን። ከፖለቲካና ከኮረንቲ። አባባሉ የሱ አይደለም፤ የሐበሻ አባት ሁሉ አባባል ነው። እሱ ግን ሲናገረው ራሱ የደረሰበት ይመስል ነበር። መጀመሪያ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቀጥሎ ወደ በሩ ያያል። ከዚያ ነው የሚናገረው።

ኮረንቲውን እስከ ዛሬ እንዳከበርኩ አለሁ። ፖለቲካው ላይ ግን አንድ ቀን ቃሉን አፈረስኩ። ጃንዋሪ 19 ቀን 2008 ነበር። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እዚህ አገር ብዙ ከቆየሁ ወዲህ ስምንት ዓመት መቀነስ ያደናግረኛል።) ቅዳሜ፣ እኩለ ቀን። ላስ ቬጋስ ውስጥ የምሠራበት ካዚኖ ሆቴል አዳራሽ ገብቼ፣ ዩኒፎርሜን እንደለበስኩ፣ አለቃዬ እያየችኝ፣ ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ማን ዕጩ ይሁን የሚለውን መረጥኩ። በወረቀት ቢሆን ምን ነበረበት። በእግሬ ነው የመረጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ አገር ከትልቁ ምርጫ በፊት በየፓርቲው ውስጥ ሌላ ምርጫ አለ። የፓርቲውን ዕጩነት የሚፈልጉት ሰዎች ከየስቴቱ ዴሌጌት የሚባሉ ተወካዮችን ይሰበስባሉ። ብዙ የሰበሰበ በክረምቱ ጉባኤ ላይ ዕጩ ተብሎ ይወጣል። (ክረምት ያልኩት በኛ ነው፤ እዚህ ሙቀቱ አስፋልት የሚያቀልጥበት ወቅት ነው።) አብዛኛው ስቴት ይህን በፕራይመሪ ይጨርሰዋል። ወረቀት፣ መጋረጃ፣ ሳጥን። የምናውቀው ነገር ነው። ኔቫዳ ግን ያኔ ካውከስ ነበር የምታካሂደው። አዳራሽ ትገቢያለሽ። ግድግዳው ላይ የዕጩዎቹ ስም ተለጥፏል። የፈለግሽው ስም ሥር ሄደሽ ትቆሚያለሽ። ይቆጥሩሻል። በቃ። ጎረቤት ያይሻል፣ የተኳረፍሽው ሰው ያይሻል፣ ነገ ሺፍት የምትመድብልሽ ሴትዮ ታይሻለች።

ነገርን በሆድ መያዝ ጨዋነት ነው ተብሎ ለተነገረው ሰው፣ ይህ ገላን በአደባባይ እንደ መታጠብ ነው።

እኔ በዲቪ የመጣሁት በ2001 ነው። ዜግነት ያገኘሁት በ2007። ሥራዬ ክፍል ማጽዳት ነው። የካዚኖን የፊት በር ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ የኋላውን የምናውቀው እኛ ነን። ምንጣፍ የለ፣ መብራት የሚያብለጨልጭ የለ። ሲሚንቶ ነው። የክሎሪንና የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ አለው። መሐሉ ላይ ኢዲአር የምንለው የሠራተኛ መመገቢያ አለ። ዴሞክራቶች ኔቫዳን ቀድመው ከሚመርጡት ስቴቶች ተርታ ካስገቧት በኋላ፣ ዕጩዎቹ ያንን የኋላ በር ፈልገው አገኙት።

አንዱ ምሳ ሰዓት ላይ ኢዲአር መጣ። ስሙን ልተወው፤ ብዙም ሳይቆይ ከውድድሩ ወጣ። ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞረ ይጨብጣል። እኔ ጋ ሲደርስ እጄን ቫዝሊን ተቀብቼ ነበር፤ ክሎሪኑ ስለሚሰነጥቀኝ ሁሌ በምሳ ሰዓት እቀባለሁ። ጨበጠኝ። እጁ ሲያዳልጠው አየሁ። ሱሪው ላይ ሊጠርግ ወደ ታች አወረደው። ካሜራዎቹን አየ። አልጠረገም። እጁን እንዳንጠለጠለ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደ፤ እዚያ ያለውንም ሰው በኔ ቫዝሊን ጨበጠው። ዛሬም የሆነ ሰው ለዕጩነት ተነሳ ሲባል በመጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ እጅ ነው። ከኔ የሚፈልገው ነገር ስለነበረው ያልጠረገው እጅ።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ለቬጋስ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። እንግዳ ይወጣል፣ እንግዳ ይገባል፣ ጋሪ ይዘሽ ትሮጫለሽ። ፓርቲው ይህን ስላወቀ ሥራ ላይ ያለው ሰው እንዳይቀር በዘጠኝ ካዚኖዎች ውስጥ ካውከስ እንዲካሄድ ወሰነ። ለወራት ማንም ምንም አላለም። ከዚያ 60 ሺህ ገደማ አባላት ያሉት የኛ ማኅበር፣ ኩሊናሪ ዩኒየን፣ ኦባማን እደግፋለሁ አለ። በሁለተኛው ቀን ክስ ተመሠረተ። የመምህራን ማኅበርና ሌሎችም፣ የካዚኖው ካውከስ ለኩሊናሪ አባላት ያደላል፣ ይቁም አሉ። ከከሳሾቹ መሐል ሂላሪን የሚደግፉ ነበሩበት። ዳኛው ምርጫው ሁለት ቀን ሲቀረው ውድቅ አደረገው። ኢዲአር ውስጥ ይህን ስንሰማ አንድ በዕድሜ የገፋ ሐበሻ፣ ጋሼ የምንለው የፓርኪንግ ሠራተኛ፣ ሾርባውን እያማሰለ «እዚህም አለ ለካ» ብሎ ዝም አለ።

እንግዲህ ወሬው ሁሉ ሁለት ሰዎች ላይ ወደቀ። ኤድዋርድስ የሚባል ሦስተኛ ተወዳዳሪም ነበር፤ ግን ወሬው እሱ አልነበረም። ሐበሻው በሙሉ ኦባማ ነው። አባቱ ኬንያዊ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ከኛው ሰፈር የወጣ ማለት ነው። ልጇን ኦባማ ልትለው የዛተች እርጉዝ አውቃለሁ። (በኋላ ናትናኤል ብላዋለች።) ሜክሲኮዎቹና ፊሊፒኖዎቹ ሴቶች ደግሞ ብዙዎቹ ሂላሪ ናቸው። ከኔ ጋር ፎቅ የምትጋራው ሜክሲኳዊት በተለይ። ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የአንሶላ ጥግ አጣጠፍ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ አሳጥፋኛለች። እንግሊዝኛ ሁለታችንም አልነበረንም፤ በእጅ ነው የተግባባነው።

እኔስ? እኔ ሁለቱንም ነው የወደድኳቸው። እውነቱ ግን ይህ አይደለም። እውነቱ ፈርቼ ነበር። ምርጫ 97 ገና ሦስት ዓመት አልሆነውም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። የአጎቴ ልጅ የሆነ ስብሰባ ላይ ሲያጨበጭብ ታይቷል ተብሎ ብዙ ወር ታስሯል። ማጨብጨብ! እና እኔ ሄጄ አንድ ስም ሥር ልቆም?

አዳራሹ ስገባ የማላውቀው አማራጭ ግድግዳው ላይ አየሁ። «ያልወሰኑ» ይላል። እግዚአብሔር ይስጣቸው አልኩ። ቀጥ ብዬ ወደዚያ።

አምስት ሆንን። እኔ አለሁ። ያ ጋሼ የፓርኪንጉ ሠራተኛ አለ። ከላውንደሪ የመጣች ኤርትራዊት አለች። አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ምግብ አብሳይ አለ። አምስተኛው ሶዳውን ሊጨርስ ግድግዳ ፈልጎ የተደገፈ አሜሪካዊ ወጣት ነው። እርስ በርሳችን ተያየን። ከአሜሪካዊው በስተቀር አራታችንም የመጣነው ሰው በድምፁ ከሚጠየቅበት አገር ነበር። ኤርትራዊቷ በትግርኛ የሆነ ነገር ብላ ሳቀች። አልገባኝም፤ ግን ሳቅሁ።

ደስታችን አልቆየም። ካውከስ ላይ አንድ ቡድን ቢያንስ 15 በመቶ የሚሆን ሰው ካልያዘ አይቆጠርም። አዳራሹ ውስጥ ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለ፤ እኛ አምስት። «አልሞላችሁም፣ ወይ ወደ ሌላ ቡድን ሂዱ ወይ ውጡ» ተባልን። ያኔ ነው ጉዱ የመጣው። ሁለቱም ወገን ወደኛ ጎረፈ። በሕይወቴ እንደዚያ ተፈልጌ አላውቅም። ከአንድ ወገን ሐበሾቹ «ነይ እንጂ! ምን ሆነሻል? ወንድምሽ እኮ ነው!» ይላሉ፣ በአማርኛ፣ ባደባባይ፣ እየጮኹ። አለቃዬም እዚያው የኦባማ ጥግ ናት፤ እጇን አጣምራ ታየኛለች። ከሌላው ወገን ሜክሲኳዊቷ ብቻዋን መጣች። አልጮኸችም። ብዙም አልተናገረች። በእጇ አንሶላ ማጠፍ አሳየችኝ፤ አየር ላይ፣ ጥጉን ገባ፣ ገልበጥ። ከዚያ ወደ ሂላሪ ጥግ ጠቆመች።

የፖለቲካ ተንታኞች ሰው ዕጩ የሚመርጠው በፖሊሲ ነው፣ በዘር ነው፣ በፆታ ነው እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ የመረጥኩት በአንሶላ ነው።

ስሄድ ከሐበሾቹ ወገን የወጣውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። «ኧረ!» ነበር። አንድ ረጅም «ኧረ!» ከዚያ ቆጠራው መጣ። እያንዳንዱ ሰው ቁጥሩን እየጠራ ነው የሚቆጠረው። አርባ አንድ። አርባ ሁለት። እኔ ጋ ሲደርስ ድምፄ አልወጣ አለ። ሜክሲኳዊቷ በክርኗ ጎሰመችኝ። «አርባ ሰባት!» አልኩ። ከሚገባው በላይ ጮህኩ መሰለኝ፤ ሰው ሳቀ።

ማታ ሰዓቱን ጠብቄ ወደ አገር ቤት ደወልኩ። «አባዬ፣ ዛሬ መረጥኩ» አልኩት። መስመሩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ?» አልኩ። «ብርዱ እንዴት ነው እዚያ?» አለኝ። «አባዬ፣ ምርጫ እኮ ነው…» «ልጅቷስ? እየበላች ነው?» ልጄ ያኔ ሁለት ዓመት ከምናምን ነበረች። «እየበላች ነው» አልኩት። ስለ ብርዱ አወራን።

ሰኞ ጠዋት ሆዴ እየተንቦጫቦጨ ሥራ ገባሁ። አለቃዬ ወረቀቴን ሰጠችኝ። አሥራ አምስት ክፍል፣ ስምንቱ ቼክአውት፣ እንግዳው የለቀቀው። ካለፈው ሰኞ አንድም አልጨመረ፣ አንድም አልቀነሰ። ወረቀቱን ደግሜ አየሁት። ከጀርባውም አገላብጬ አየሁት። ምንም የለም። ዲኬተር መንገድ ያለው ምግብ ቤታችን ግን ለሁለት ሳምንት «ሂላሪ መጣች» እያሉ ቡና ሲያቀርቡልኝ ከረሙ።

ውጤቱም ለጉድ ነው። ሂላሪ 51 በመቶ ገደማ አገኘች፣ ኦባማ 45። አሸነፍን አልኩ። ከዚያ ዴሌጌት ሲቆጠር ኦባማ 13፣ ሂላሪ 12። የእኛ ቬጋስ ብዙ ሰው ያወጣል፤ ዴሌጌት ግን በየወረዳው ስለሚከፋፈል ኦባማ በሰሜንና በገጠር ያገኘው አንድ በለጠ። ለሜክሲኳዊቷ ይህን ላስረዳት ሞክሬ እኔ ራሴ ጠፋሁ። ደግሞ የሁለት ዕጩዎች ቁጥር እኩል ከመጣና ዴሌጌቱ ለማን እንደሚሆን ካልታወቀ ያኔ ኔቫዳ ውስጥ በካርታ ነበር የሚለየው። ቀልድ አይደለም። ካርታ ይበወዝ ነበር፣ ትልቅ ያወጣ ይወስድ ነበር። አዮዋ ሳንቲም ይወረውሩ ነበር፤ እኛ የቁማር አገር ስለሆንን ካርታ። ፈረንጆቹ ይህን ሲሰሙ ያፍራሉ። እኔ አላፈርኩም። በይሁዳ ቦታ ማትያስ የገባውም በዕጣ ነው።

ሂላሪ በጁን ሽንፈቷን ተቀበለች። በዓመቱ የኦባማ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነች። ይህን የሰማ አንድ የታክሲ ሹፌር ወዳጃችን የተናገረው አይረሳኝም። «ቆይ፣ እንዲያ ሲሰድባት ከርሞ ሚኒስትር አደረጋት?» አለ። እሷም ሰድባው ነበር፣ አልነው። «እኮ! እሷም ሰድባው!» ማመን አቃተው። ፍቅር ስለሆነ አይደለም፤ ሁለቱም አስልተው ነው። ግን ስሌቱ ውስጥ የተሸነፈው ሰው መኖሪያ ቦታ አለው። እኛ ጋ የተሸነፈ ሰው የሚሄድበትን ቦታ ስም መጥራት አያስፈልግም።

እዚህ ላይ ስለ 2018 ሳልናገር አላልፍም። ኃይለማርያም ደሳለኝ መልቀቂያ አስገብተው፣ የኢሕአዴግ ምክር ቤት በር ዘግቶ ለቀናት ተሰበሰበ። 180 አባላት ያሉት ምክር ቤት ነው። የሚመርጡት ሊቀመንበር ጠቅላይ ሚኒስትር እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ማታ ሲሆን እዚህ ቀን ነው። ስልኬን ጋሪው ላይ ፎጣ ሥር ደብቄ፣ ከክፍል ክፍል ስሄድ ፌስቡክ እከፍታለሁ። አንዱ እገሌ ሆነ ይላል፣ ሌላው ገና ነው ይላል። በመጨረሻ ዐቢይ በ108 ድምፅ ተመረጡ ተባለ። የሰው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆሜ እልል አልኩ። ብዙዎቻችን ያን ቀን እልል ብለናል፤ አሁን የሚክድም አለ። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን አንድ ነገር አሰብኩ። እዚያም ተቆጥሯል፣ እዚያም ፉክክር ነበር። ልዩነቱ አዳራሹ ውስጥ የመቆም ዕድል የነበረው 180 ሰው ብቻ መሆኑ ነው። የቀረነው ከበሩ ውጭ ነበርን፣ ጆሯችንን ቁልፍ ቀዳዳ ላይ አድርገን። እኔ አንዲት ክፍል አጽጂ፣ ለሰው አገር ዕጩ አርባ ሰባተኛ ሆኜ ተቆጥሬያለሁ። ለራሴ አገር ፎጣ ሥር ስልክ ደብቄ እጠብቃለሁ።

ካውከስን ግን መልአክ አላድርገው። ብዙ ሰው ያስቀራል። ማታ ሠርቶ ጠዋት የሚተኛው ይቀራል፣ ልጅ የሚይዝለት ያጣ ይቀራል፣ አካል ጉዳተኛው ይቸገራል። የሚፈራ ሰውም ይቀራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ ሁሌ ካለ ምክንያት አይደለም የሚፈራው። ያን ቀን አለቃዬ ሌላ ዓይነት ሰው ብትሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ እንዲህ ዘና ብዬ አልጽፈውም ነበር።

በ2020 ደግሞ አዮዋ ውጤት የሚያስተላልፉበት የስልክ መተግበሪያ ተበላሽቶ ለቀናት ማን እንዳሸነፈ ሳይታወቅ ቀረ። የኛዎቹም እሱን ሊጠቀሙ አስበው ነበር፤ ወዲያው ጣሉት። ያን ዓመት ዴሞክራቶች ከ20 በላይ ዕጩ ነው ያሰለፉት፤ ስማቸውን ሳልይዝ የወጡ ሞልተዋል። ከነሱ አንዱ፣ ቢሊየነሩ ብሉምበርግ፣ ከራሱ ኪስ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ያሸነፈው የአሜሪካ ሳሞዋ የምትባለውን ትንሽ የደሴት ግዛት ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ ይለኛል። እኔ ቀደም ብሎ ድምፅ መስጠት ተፈቅዶ ስለነበር ሁለት ሰዓት ተኩል ተሰልፌ በወረቀት ጨረስኩ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ምርጫሽን ጻፊ ነው የሚለው። ያ የማግባባቱ ነገር፣ ያ ጩኸት፣ ያ አየር ላይ የሚታጠፍ አንሶላ ወደ ሦስት ቁጥሮች ወርዷል። ከዕጩዎቹ አንዱ፣ ሳንደርስ፣ በሰፊው አሸነፈ። ማኅበራችን የሱን፣ ሁሉንም ሰው በአንድ የመንግሥት የጤና መድን ሥር የማድረግ ሐሳብ ሲቃወም ነበር የከረመው፤ ለዓመታት ታግሎ ያገኘው ጥሩ መድን ስላለው። ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ያለው አባል ግን ብዙው ከሳንደርስ ጋር ቆመ። ሜክሲኳዊቷም አንዷ ናት። «ልጄ ነው ያሳመነኝ» አለችኝ። አሁን እንግሊዝኛችን ሙሉ ነው፤ የምናወራው ግን ያኔ ከምናወራው ያነሰ ይመስለኛል።

ከዚያ ሕጉ ተቀየረ። ፌብሩዋሪ 2024 ኔቫዳ በስቴቱ የሚካሄድ ፕራይመሪ አደረገች። ወረቀቱ በፖስታ፣ እቤትሽ ድረስ ይመጣል። ኔቫዳ ወረቀት ላይ ደግሞ ሌላ ስቴት የሌለ ነገር አለ፤ «ከእነዚህ ዕጩዎች ማንንም» የሚል መስመር። ያን ዓመት በሪፐብሊካኖቹ ወገን ትራምፕ ፕራይመሪውን ትቶ ፓርቲው ለብቻው ባዘጋጀው ካውከስ ተወዳደረ። ተፎካካሪው ኒኪ ሄሊ ፕራይመሪው ላይ ከታወቁት ዕጩዎች ብቻዋን ቀረች። እና ተሸነፈች። ማን አሸነፋት? «ማንንም»። ከ60 በመቶ በላይ አግኝቶ። ኢዲአር ውስጥ ስንት ቀን ሳቅን።

የኛ ቤት ወረቀት ሁለት ሆኖ ነው የመጣው። ልጄ 18 ሞልቷታል። ወጥ ልሠራ ሽንኩርት ጥጄ መስኮቱን ከፍቻለሁ። እሷ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ስልኳን በስፒከር አድርጋ ከጓደኛዋ ጋር እያወራች ትሞላለች። እኔ የኔን ቀድሜ ጨርሼ አሽጌዋለሁ። ማን ላይ እንዳደረግኩ አልጠየቀችኝም፤ አልነገርኳትም።

«ጨረስኩ» አለች ለጓደኛዋ። «ከእነዚህ ማንንም ነው ያልኩት። አዎ። ይወቁት፣ ተናድጃለሁ።» ከዚያ የተናደደችበትን ምክንያት ትዘረዝር ጀመር፣ ጦርነቱን፣ ዕድሜያቸውን፣ የቤት ኪራዩን፣ ስም እየጠራች፣ ሙሉ ድምፅ።

እኔ በዚያን ጊዜ የቆምኩበት ጥግ ትዝ አለኝ። ያ ጋሼ፣ ኤርትራዊቷ፣ ቻይናዊው ሽማግሌ። ልነግራት አሰብኩ። ግን ማማሰያውን አስቀምጬ ሄጄ መስኮቱን ዘጋሁት። ሽንኩርቱ ገና አልበሰለም ነበር።